የክትፎ ቤታችን የቅባት ገንዳ፦ ከጥር እስከ ሚያዝያ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

የቃና ዘገሊላ ዕለት። ታቦተ ሚካኤል ወደ መንበሩ ሲመለስ የእኛ ወጥ ቤት ፍሳሽም ወደ መጣበት ተመለሰ። መጀመሪያ የወለሉ ማስወገጃ ቀዳዳ ተንደቀደቀ፤ ቀጥሎ ግራጫ ውሃ የእንጀራ ቁራጭና የቃሪያ ፍሬ አዝሎ እስከ እቃ አጣቢዎቹ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ከ80 የማያንስ ሰው ተቀምጧል። ወጥ ቤቱን የሚመሩት እትዬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው «አንተ ልጅ፣ ምድጃዬ ሥር ሳይገባ አንድ ነገር አድርግ እንጂ!» አሉኝ። ያደረግኩት የሮቶውን ውሃ መዝጋትና ባልዲ ማንሳት ነበር። ሳህንና ጣባ ማጠብ ስላልተቻለ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በራችንን ዘጋን፤ ያውም ገበያው እንዲህ በደራበት ቀን።

በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ ነው። ያለፉትን ሁለቱን ከፍለን አስከፈትንና ረሳናቸው። ይህንኛውን ላለመርሳት ነው ደብተር የገዛሁት።

ጥር 14

ቧንቧ ሠራተኛው በጠዋት መጣ። ባለፈው ጊዜ የመጣው ሌላ ሰው አንድ ኪሎ ኮስቲክ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጦ ለቆበት ነበር። ቱቦው እየፈላ ተከፈተና ተአምር መሰለን። የዛሬው ሰው ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «ሶዳው ቅባቱን አላጠፋውም፤ አሙቆ ወደ ታች ገፋው። ቀዝቃዛ ቦታ ሲደርስ ረጋ። የት እንደረጋ አሁን አሳይሃለሁ» አለና ወደ አጥሩ ሥር ሄደ። እዚያ ቆፈርን። ቱቦውን በመጋዝ ሲቆርጠው ከ110 ሚሊ ሜትሩ ውስጥ ለውሃ የቀረለት መንገድ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ብቻ ነበረች።

የወጣውን ጓል ጋዜጣ ላይ አስቀምጬ በካራ ሰነጠቅኩት። ከውጭ ግራጫ፣ ከውስጥ ነጭና ቡኒ እየተፈራረቀ የተደራረበ ነው። አንዱ ሽፋን ውስጥ የጥርስ መፋቂያ ስንጥር ተገትሮ ቆሟል፤ ሌላው ውስጥ ሙሉ የኮረሪማ ፍሬ አለ። ሽታው የከረመ ቅቤ ይመስላል፤ ግን እንደ ቅቤ አይለሰልስም። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ጠመኔ ተፈረፈረ።

ጥር 15

ይህ መፈርፈር ስላልገባኝ ሙከራ አደረግኩ። በሦስት ብርጭቆ የፈላ ውሃ ቀዳሁና በአንዱ ንጥር ቅቤ፣ በሁለተኛው ከእቃ ማጠቢያው ሲፎን የተፋቀ ነጭ ዝቃጭ፣ በሦስተኛው የትናንቱን ጓል ቁራጭ ጨመርኩ። ቅቤው ወዲያው ቀልጦ ወርቅ መሰለ። የሲፎኑ ዝቃጭ እያመነታ ሟሟ። ጓሉ ግን ውሃው ቀዝቅዞ እስኪያበቃ ድረስ እንደተቀመጠ ነበር።

ነገሩ ቅቤ መሆኑ ቀርቶ ሳሙና ሆኗል። ቅቤና ዘይት በምድጃ ላይ ሲበስል፣ ኋላም ቱቦ ውስጥ ባክቴሪያ ሲያገኘው፣ ይፈርስና የቅባት አሲድ ይወጣዋል። ያ አሲድ በውሃው ውስጥ ወይም በኮንክሪት ቱቦ ግድግዳ ላይ ካልሲየም ሲያገኝ ይጣበቃል። የልብስ ሳሙና የሶዲየም ስለሆነ በውሃ ይሟሟል፤ የካልሲየሙ ግን አይሟሟም፣ በፈላ ውሃም አይቀልጥም። በፈረንጆቹ 2011 በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ዓይነት ሳሙና ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርተው አሳይተዋል። ለንደን ውስጥ ኋይትቻፕል በተባለ ሰፈር በ2017 የተገኘው የቅባት ክምር 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ነበረው፤ ቁራጩን ሙዚየም ውስጥ ለሕዝብ አሳይተውታል። እኔም የእኔን ቁራጭ በጠርሙስ አድርጌ ገንዘብ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጠው አስቤ ነበር፤ እትዬ ከለከሉኝ።

የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ አይመችም። ቅቤ ሙሉ ለሙሉ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ሲሆን፣ በጥር ሌሊት ከተማዋ ከ10 ዲግሪ በታች ትወርዳለች። የውሃ ፈረቃው ሲጨመርበት፣ ውሃ በማይመጣባቸው ቀናት ሮቶውን እየቆጠብን በቀጭኑ እንለቃለን፤ ቅባቱ ሳይገፋ እዚያው ይተኛል። ከእኛ ግቢ የወጣ ፍሳሽ እስከ ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ የሚወርደው በአብዛኛው በከተማዋ ቁልቁለት ነው። ቁልቁለት ውሃን እንጂ የረጋ ቅቤን አይጎትትም።

ጥር 19

የግንባታ ሰዎች ግሪስ ትራፕ የሚሉትን፣ እኔ የቅባት ገንዳ የምለውን፣ ለመሥራት ወሰንን። መንገዱ በቅርቡ በኮሪደር ልማት ስለታደሰ ከአጥር ውጭ አንዲት ንጣፍ መንካት አይታሰብም፤ ሁሉም ነገር ግቢ ውስጥ ማለቅ አለበት።

የገንዳው ሐሳብ ቀላል ነው። ቅባት ከውሃ ስለሚቀል ጊዜና ጸጥታ ካገኘ ራሱ ይንሳፈፋል፤ ሩዝና እንጀራ ራሱ ይዘቅጣል፤ ከመካከል የቀረው ውሃ ብቻ ይወጣል። ጥያቄው ምን ያህል ጊዜ የሚለው ነው። ሦስቱ የእቃ ማጠቢያ ቧንቧዎች አንድ ላይ ሲከፈቱ በባልዲና በስልክ ሰዓት ለካሁ፤ እያንዳንዱ በደቂቃ 10 ሊትር ገደማ ይሰጣል፣ በድምሩ 30። ውሃው 30 ደቂቃ እንዲቆይ ከተፈለገ 900 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ ከውስጥ 1.5 ሜትር ርዝመት፣ 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 90 ሴንቲ ሜትር የውሃ ጥልቀት። ርዝመቱ በመከፋፈያ ግድግዳ ለሁለት ይከፈላል፣ አንድ ሜትር ለመጀመሪያው ክፍል፣ ግማሽ ሜትር ለሁለተኛው። ግድግዳው ከወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ውሃ በሥር ያልፋል፣ ቅባት ከላይ ይቀራል። የመጸዳጃ ቤት መስመር በምንም መልኩ እዚህ አይገባም፤ እሱ በራሱ ቱቦ ይሄዳል።

በአንድ ገጽ ላይ ሣልኩት። ሥዕል አልችልም። ይህን የምጽፈው ወደፊት ስለሚያስፈልግ ነው።

ጥር 24

ቁፋሮ። 1 ሜትር ከ60። ዋልካ አፈር፣ ከዚያ ድንጋይ። ሁለት ሰው፣ ሦስት ቀን።

የካቲት 1

ከግንበኛው ጋር ሙግት። ግድግዳው በካሳፎርማ የሚፈስ ኮንክሪት ይሁን ስል «ልጄ፣ ለዚህች ጉድጓድ? ብሎኬት ይበቃታል፤ ቀዳዳውን በኮንክሪት ሞልቼ፣ ፌሮ አስገብቼ እሠራልሃለሁ» አሉኝ። ጋሼ ዕድሜያቸውን በሙሉ ግድግዳ ሲያቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ክትፎ የምሸጥ ሰው ነኝ። ተረታሁ። 80 ብሎኬት፣ 5 ኩንታል ሲሚንቶ።

የካቲት 5

ውሃ ሞላንበት። በማግሥቱ ጠዋት 17 ሴንቲ ሜትር ጎድሎ አገኘነው። ጋሼ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «አፈሩ ጠጥቶት ነው» አሉ። አፈሩ የጠጣው በእሳቸው ብሎኬት በኩል አልፎ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን አልተናገርንም። ውሃ የማያስገባ ማጣበቂያ ተቀላቅሎበት ሁለት ጊዜ ተለሰነ፤ ማዕዘኖቹም እንደ እንስራ ውስጥ ክብ ተደርገው ተሞሉ። ይህ ማዕዘን መሙላት የጋሼ ሐሳብ ነው፤ በኋላ ሲታጠብ ቆሻሻ የሚሸሸግበት ጥግ እንዳይኖር። አንድ ብሎኬት ተረቱ፣ አንድ ማዕዘን ረቱ።

የካቲት 8

ሁለተኛው የውሃ ሙከራ ያዘ። ቧንቧ ሠራተኛው ቱቦዎቹን ገጠመ። መግቢያውና መውጫው ላይ ጎሚቶ፣ ማለትም የታጠፈ መገጣጠሚያ፣ ሳይሆን ሦስት አፍ ያለው ቲ ነው የገባው፤ የላዩ አፍ ለአየርና ለመጥረጊያ ሽቦ ክፍት ሆኖ የታችኛው እግር ውሃው ውስጥ ይጠልቃል። መውጫው ከመግቢያው 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። በውሃ ልክ አየነው። ክዳኑ ከወፍራም ላሜራ ተበየደ፤ ሁለት ሰው ያነሳዋል። ከጠርዙ ሥር የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ለጠፍንበት፤ ያለዚያ ሽታው ደንበኛ ያባርራል።

መለኪያም ሠራሁ። ጫፉን እንደ ኤል ያጠፍኩት ባለ 10 ፌሮ ነው። በቅባቱ ውስጥ አሳልፌ ወደ ታች እሰደውና ወደ ላይ ስስበው ክርኑ የቅባቱን ሆድ ይነካል፤ ውፍረቱን ከዚያ አነባለሁ። ለታችኛው ዝቃጭ ደግሞ ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው ዱላ አለ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ የላዩ ቅባትና የታቹ ዝቃጭ ተደምረው ከውሃው ጥልቀት ሩብ ሲደርሱ ገንዳው ይጸዳል። በእኛ ገንዳ 22 ሴንቲ ሜትር ተኩል ማለት ነው።

የካቲት 9

ሥራ ጀመረ። ከቅበላ በፊት ባለው እሑድ፣ ማለትም ከከባዱ ሳምንት ፊት።

በዚያው ቀን ለእቃ አጣቢዎቹ አዲስ ሥርዓት አወጣሁ፤ ምንም ሳህን ሳይጠረግ ውሃ አይነካም። አንደኛዋ «ጋሼ፣ ውሃው ራሱ ይወስደው የለም?» አለችኝ። ክርክር አላነሳሁም። ከአዳራሽ የተመለሱ 20 የክትፎ ጣባዎች ደረደርኩና ከእያንዳንዱ ሥር የቀረውን ቅቤ በማንኪያ አጠራቅሜ በቡና ሲኒ ሰፈርኩ። ሁለት ሲኒ ሞልቶ ተረፈ። እትዬ መጥተው አዩት። ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ «ይህን ሁሉ ቅቤ ነው በየቀኑ የምንደፋው?» አሉ፤ ድምፃቸው ሰው የሞተባቸው ይመስላል። ቅቤውን የሚያነጥሩት እሳቸው ናቸው።

ከማግሥቱ ጀምሮ ጣባው ምድጃ ዳር ሳይሞቅ ክትፎ እንዳይቀርብ አዘዙ። ቀዝቃዛ ጣባ ላይ ቅቤው ወዲያው ረግቶ ከሥር ይለጠፋል፤ በሞቀው ላይ ግን ከሥጋው ጋር ይበላል። እኔ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ሲሚንቶ ገዝቼ የምይዘውን ቅቤ እሳቸው በአንድ ትእዛዝ ወደ ደንበኛው ሆድ አሳለፉት። የተረፈው በቁራሽ እንጀራ ይጠረግና ባልዲ ውስጥ ይገባል። በመጀመሪያው ምሽት ባልዲው 11 ኪሎ መዘነ።

የካቲት 17

ዐቢይ ጾም ገባ። የመጀመሪያው ሙሉ ንባብ፦ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ታች 2። የመጀመሪያው ክፍል ስፋት 0.7 ካሬ ሜትር ስለሆነ 3 ሴንቲ ሜትር ማለት 21 ሊትር ነው። ከዚህ ውስጥ ፍርፋሪና ውሃ ብዙ አለበት፤ ስፖንጅ ይመስላል። ያም ሆኖ፣ ጠርገንም፣ አሙቀንም፣ በስምንት ቀን 21 ሊትር። ከዚህ በፊት ይህ ሁሉ የት ይሄድ እንደነበረ አጥሩ ሥር አይቼዋለሁ።

ከዛሬ ጀምሮ ቅቤ የለም። ተጋቢኖ፣ በያይነቱ፣ የሱፍ ዘይት። ለጥብሳ ጥብሱ የሚረጋውን ዘይት የገዛ ማን እንደሆነ እየጠየቅኩ ነው። እሱ ከቅቤ አይሻልም፤ በጠዋት ብርድ ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው።

የካቲት 26

ነጋዴ መጣ። ዱቄት ይሸጣል፤ ማታ ማታ እፍኝ ከጨመርክ «ቅባቱን ይበላዋል፣ ገንዳ ማጽዳት ቀረ» ይላል። ይበላዋል ወይስ ያሟሟዋል ብዬ ጠየቅኩት። ልዩነቱን አልወደደውም። ቅባቱን አሟሙቶ በመውጫው የሚያሳልፍ ነገር ከኮስቲክ ሶዳው የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው። ሻይ ጋብዤ ሸኘሁት።

መጋቢት 7

ጥሩ ያልሆነ እሑድ። ከገንዳው ቀጥሎ ባለችው ትንሽ የፍተሻ ጉድጓድ ውስጥ ቢጫ ቅባት አየሁ። ያ ጉድጓድ ንጹሕ መሆን ነበረበት። የሁለተኛውን ክፍል ክዳን አነሳሁ፤ እዚያም የረጋ ቅባት እንደ ገንፎ ገጽ ተኮማትሮ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ሰው መወንጀል ቀለለኝና ወጥ ቤት ገባሁ። ትናንት ቅዳሜ ማታ የሳምንቱ ትልቅ እጥበት ነበር። ሦስቱንም የእቃ ማጠቢያዎች በፈላ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ሞልተው፣ ብረት ድስቶቹን ዘፍዝፈው፣ ሲጨርሱ የሦስቱን ውታፍ በአንድ ጊዜ ነቅለዋል። የፈላ ውሃ የቅበላውን ቅቤ ከነእንቅልፉ ቀሰቀሰው፤ ሳሙናው ከውሃ ጋር አዋሕዶ በታተነው፤ ፍጥነቱ ደግሞ የመንሳፈፊያ ጊዜ አሳጣው። ይህን ያስረዳሁት በቁጣ ባይሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ክንዴን አስገብቼ የመውጫውን ቱቦ እግር ስዳብሰው አጭር ሆኖ አገኘሁት። በሜትር ለካሁ፣ 20 ሴንቲ ሜትር። መሆን የነበረበት 60 ነው፤ መሐል ላይ ካለው ንጹሕ ውሃ እንዲቀዳ ከገንዳው ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሊርቅ ይገባዋል። ለቧንቧ ሠራተኛው ደወልኩ። «ሥዕሉ ላይ 20 ይላል» አለኝ። ሥዕሉን አወጣሁት። በእርግጥ 20 ይላል። የመከፋፈያው ግድግዳ ክፍተት ብዬ የጻፍኳት 20 ቦታ ጠቧት ወደ መውጫው እግር ተጠግታ ተቀምጣለች፤ ለእግሩ የሚሆነውን ቁጥር ደግሞ ጭራሽ አልጻፍኩም።

ወጥ ቤት ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅኩ። እትዬ «እኔስ ብየ ነበር» አሉ። አላሉም ነበር።

መጋቢት 9

በማገናኛ 40 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ተቀጥሎ እግሩ 60 ሆነ። የግማሽ ሰዓት ሥራ፤ ክንድ ለመታጠብ የፈጀው ይበልጣል። የፈላ ውሃም እስኪቀዘቅዝ ይቆያል፣ የማጠቢያዎቹ ውታፎች በየተራ ይነቀላሉ።

መጋቢት 20

ያገለገለ የመጥበሻ ዘይት ሁለት ጀሪካን ሞልቷል። አንድ ሰው በሊትር ሊገዛኝ መጣ። ለምን እንደሚፈልገው ስጠይቀው «ለሥራ» አለ። ለምን ሥራ? «ለተለያየ ሥራ»። እንዲህ ያለ ዘይት ተጣርቶ መንገድ ዳር መጥበሻ ላይ ተመልሶ እንዳይወጣ ስለፈራሁ አልሸጥኩለትም። በኋላ ሳሙና የሚሠሩ ሴቶች ተገኙ፤ በነጻ ሰጠኋቸው፣ ባዶ ጀሪካኑን መልሰው ያመጣሉ። ቱቦ ውስጥ ሳሙና ከሚሆን እነሱ ዘንድ ቢሆን ይሻላል።

ሚያዝያ 8

ከፋሲካ በፊት ጽዳት። የጾሙ ንባብ ያልጠበቅኩት ሆነ፤ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ታች 9። በጾም ቅባቱ ከሞላ ጎደል ቆመ፤ ሥሩ ግን አደገ። ሽሮ፣ ምስር፣ የእንጀራ ፍርፋሪ። ድምሩ ገና 14 ተኩል ነው፤ ከደንቡ በታች። ሆኖም ታች የተኛው እንጀራ እንደ ሊጥ ኮምጦ ክዳኑ ሲነሳ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ያ ጋዝ ኮንክሪትንም ይበላል፤ ቁጥሩን መጠበቅ ትርጉም የለውም። የላዩን ቅባት በአካፋ ገፈን ከሰጋቱራ ጋር ለወስነው በማዳበሪያ ከረጢት አሰርነው። የቀረውን መጣጭ መኪና ወሰደው። ሾፌሩ ወደ ውስጥ አጮልቆ «ይህ ሽንት ቤት አይደለም እንዴ? ከሽንት ቤት ይብሳል» አለ። እውነቱን ነው።

በእያንዳንዱ ማጠቢያ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የብረት ወንፊት ገጠምን፤ ከመጀመሪያው ቀን መደረግ ነበረበት።

ሚያዝያ 19

ዳግም ትንሣኤ። ከማዕዶት ጀምሮ ሰው እንደ ጎርፍ ነው፤ 55 ቀን የታገሠ ሰው ክትፎ ሲያይ አይጣል ነው። ንባብ፦ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ታች ግማሽ። በቅበላው ሳምንት ከነበረው ያነሰ ነው፣ የዚህ ሳምንት ገበያ ግን ይበልጣል። የፍተሻ ጉድጓዷ ውሃ ግራጫ ነው፤ ቢጫ የለበትም።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ጾም የለም። 50 ቀን ሙሉ ገንዳው ዕረፍት አያገኝም ማለት ነው፤ የጽዳቱን ቀን ከወር ተኩል ወደ ሦስት ሳምንት አሳጠርኩት። በየሰኞው የሚለኩት እቃ አጣቢዎቹ ናቸው፤ ቁጥሩን ከማቀዝቀዣው በር ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ።

ሚያዝያ 22

ከጎናችን ጥብስ ቤት ያላቸው ጎረቤታችን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው መጡ። ትናንት ማታ ወለላቸው ላይ ውሃው ተመልሶባቸዋል። ገንዳውን አሳየኋቸው፤ ፌሮውን ራሳቸው አስገብተው ለኩ። ሥዕሉን በስልክ ፎቶ ሊያነሱ ሲሉ ያቺን 20 አየኋትና ወረቀቱን ነጠቅኳቸው። በአዲስ ገጽ ሣልኩላቸው። ከመውጫው እግር አጠገብ 60 ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ ከበብኩበት፤ ከመከፋፈያው ግድግዳ ሥር ደግሞ ቁጥሩን ትቼ «የአንድ ብሎኬት ቁመት» ብዬ ጻፍኩ።